ከመኖ ጋራ ተቀላቅለው ዓሣን ስለሚያሳድጉ ደቂቅ ሕያዋን

በሬ፥ በግና ዶሮ ማርባት ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ሥራ ነው። ዓሣንም እንዲሁ በተቈፈረ ኩሬ ውስጥ እያኖሩ፥ እየቀለቡና እየጠበቁ ማርባት ይቻላል። ይህ ሥራ ከሐይቅ ዓሣ ከማጥመድ የተለየ ነው። አጥማጅ ውኃው ያስገኘውን ይወስዳል፤ ዓሣ አርቢ ግን እንደ ገበሬ የዘራውን ያጭዳል። ለመዝራትም ወጪ አለበት። ከወጪው ሁሉ የሚከብደው የመኖ ዋጋ ነው፤ መኖ በሚገዛበት ስፍራ ከጠቅላላው ወጪ ግማሹንና ከዚያም በላይ የሚወስደው እርሱ ነውና።

ዳሩ ግን ለዓሣ የተሰጠው መኖ ሁሉ ሥጋ አይሆንም። ከፊሉ ሳይበላ ወደ ኩሬው ሥር ይሰጥማል፤ ከፊሉም ከተበላ በኋላ በደንብ ሳይፈጭ ይወጣል። ይህ ትራፊ በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ይጨርሳል፤ በሽታ ለሚያመጡ ተሕዋስያንም መራቢያ ይሆናል። የብዙ ወራት ድካም በጥቂት ቀን ሲጠፋ፥ ዓሦቹም ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ሲንሳፈፉ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ መኖው በከንቱ እንዳይቀር፥ ዓሣውም በሽታን እንዲቋቋም ምን ማድረግ ይገባል? ሊቃውንት ካገኟቸው መልሶች አንዱ፥ ጠቃሚ የሆኑ ደቂቅ ሕያዋንን ከመኖ ጋራ ቀላቅሎ መስጠት ነው። እነዚህ ምን እንደ ሆኑ፥ ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ፥ የት እንደሚረዱና የት እንደማይረዱ ከዚህ በታች ይገለጻል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደቂቅ ሕያዋን ምንድን ናቸው?

በምድር፥ በውኃ፥ በአየርና በእንስሳ ሁሉ አካል ውስጥ ከማነሳቸው የተነሣ በዓይን የማይታዩ፥ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ሕያዋን ይኖራሉ። ከነርሱም መካከል ባክቴሪያ የሚባሉት ወገኖች አሉ። ብዙ ሰው ስማቸውን ሲሰማ በሽታን ብቻ ያስባል። ነገር ግን በሽታ የሚያመጡት ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሌሎቹ ጕዳት የላቸውም፤ እጅግ የሚጠቅሙም አሉ።

የሚጠቅሙትን የቤት እመቤት ሁሉ በሥራቸው ታውቃቸዋለች። የጤፍ ዱቄት ስታቦካ ካለፈው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች። በዚያ እርሾ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ሕያዋን በአዲሱ ሊጥ ተባዝተው ያቦኩታል። ወተትም ሲረጋና እርጎ ሲሆን ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። እርጎ የሚኮመጥጠው ስለዚህ ነው። ወተቱን የሚያበላሹ ብዙ ሌሎች ባክቴሪያዎችም በዚያ ኮምጣጣ ውስጥ ለመባዛት ስለማይችሉ፥ እርጎ ከጥሬ ወተት ይልቅ ሳይበላሽ ይቈያል። ይህን ነገር ልብ ያለ ሰው ከዚህ በኋላ የሚነገረውን በቀላሉ ያስተውላል።

በሩስያ ግዛት ተወልዶ በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ሊቁ ኢልያ ሜችኒኮፍ በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በረጋ ወተት ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች በሰው አንጀት ያሉትን ጐጂዎች ሊገቱ እንደሚችሉ አሳብ አቀረበ። እርሱም በ1908 ዓ.ም. ስለ ሰውነት መከላከያ ኀይል ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ከጳውል ኤርሊኽ ጋራ ተካፍሏል። ከብዙ ዘመን በኋላ እንዲህ ያሉት ጠቃሚዎች ፕሮባዮቲክ ተባሉ፤ ትርጓሜውም ለሕይወት የሚረዳ ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ሊቃውንት ለዚህ ስም ወሰን አበጁለት። በዚህም መሠረት ፕሮባዮቲክ ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ሕያው መሆን፥ በበቂ ብዛት መሰጠት፥ ለተቀባዩም ጤና መጥቀም። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ስሙ ብቻ ይቀራል።

የዓሣ ኑሮ ከምድር እንስሳ ኑሮ የሚለይበት ነገር

ጥጃ ወይም ጫጩት በየብስ ላይ ሲኖር በአየር ተከቧል፤ በአየርም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸው። ለዓሣ ግን ውኃ ቤቱም፥ ማዕዱም፥ መተንፈሻውም፥ መጸዳጃውም ነው። ከኩሬ በተቀዳ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ፥ ማለት በሃያ ጠብታ ያህል፥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ባክቴሪያዎች ሊገኙ ይችላሉ። ዓሣ በሚተነፍስ ጊዜ ይህ ውኃ በስንጥቡ መካከል ሲያልፍ ይውላል፤ በሚበላም ጊዜ ወደ አንጀቱ ይገባል።

ይልቁንም ከእንቍላል የወጣ የዓሣ ጫጩት አንጀቱ ገና ሳይጠና፥ የሰውነቱም መከላከያ ሳይበረታ በዚህ ሁሉ መካከል ይገኛል። በዚያን ጊዜ አንጀቱን ቀድሞ የያዘው ወገን ጠቃሚ ቢሆን ለጫጩቱ መልካም ነው፤ ጐጂ ቢሆን ግን ሞት ይከተላል። ስለዚህ ለፕሮባዮቲክ ከሚመረጡት ጊዜያት አንዱ ጫጩቱ መብላት የሚጀምርበት ወራት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በመኖ የገቡት ጠቃሚዎች በዓሣ አንጀት ውስጥ ለዘለዓለም አይሰፍሩም። መኖው ሲቋረጥ ቍጥራቸው በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሰጥቶ መተው አይበቃም፤ ሥራቸው እንዲቀጥል መኖውም መቀጠል አለበት።

የሚሠሩት ሥራ

የእነዚህ ደቂቅ ሕያዋን ሥራ በአራት ይከፈላል።

መጀመሪያው ስፍራ መያዝ ነው። በአንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ስፍራና ምግብ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ጠቃሚዎቹ ብዙ ሆነው ሲገኙ ጐጂዎቹ የሚጠጉበትን ያጣሉ። ጤፍ በደንብ በበቀለበት ማሳ አረም መስፋፊያ እንደሚያጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጐጂዎቹን የሚገታ ነገር ማመንጨት ነው። እርጎ በሚያረጉት ወገኖች እንደ ታየው ከፊሎቹ አሲድ ያወጣሉ፤ ሌሎችም ባላጋራን የሚያዳክም ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር ይሠራሉ።

ሦስተኛው ምግብን ማድቀቅ ነው። አንዳንዶቹ ኤንዛይም የሚባለውን አድቃቂ ነገር ያወጣሉ። ይህም ስታርችን፥ ፕሮቲንንና ስብን እየሰባበረ ዓሣው ከራሱ ኤንዛይም ጋራ ተጨማሪ ረዳት እንዲያገኝ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ዐይነት መኖ የበለጠ ሥጋ ሊገኝ ይችላል፤ ወደ ውኃው የሚወጣውም ትራፊ ያንሳል።

አራተኛው የሰውነትን መከላከያ ማንቃት ነው። የዓሣው አንጀት እነዚህን እንግዶች ሲያገኝ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ይነቃሉ፤ እውነተኛ ባላጋራ በመጣ ጊዜም ዝግጁ ሆነው ይቈያሉ።

ዐይነታቸውና አያያዛቸው

ለዓሣ መኖ ከሚመረጡት መካከል ሦስት ወገኖች ይታወቃሉ። አንደኛው ወገን ባሲለስ ይባላል። የዚህ ወገን ጠባይ የሚያስደንቅ ነው፤ ኑሮ በከፋበት ጊዜ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ እንደ ዘር ፍሬ ይተኛል፤ እርጥበትና ምግብ ባገኘ ጊዜም ይነቃል። በዚህ ሁኔታ ሳለ ድርቀትንና የመኖ ፋብሪካን ሙቀት ይችላል። ሁለተኛው ወገን ወተትን የሚያኮመጥጡትን የሚመስሉት ላክቶባሲለስና ዘመዶቹ ናቸው። እነዚህ እንደ ፊተኛው ሽፋን ስለሌላቸው ሙቀት ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ መኖው ተሠርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በዘይት ወይም በውኃ በጥብጦ መርጨት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ወገን ዳቦ የሚነፋው የእርሾ ዐይነት ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ባይሆንም በደቂቅ ሕያዋን መካከል ይቈጠራል።

በብዙ ሙከራዎች ለአንድ ግራም መኖ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ሕያዋን ተጨምሯል። አንዱ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ኀይላቸው በብዛታቸው ነው። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቍጥርና የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ፥ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥ፥ ከፀሐይም መሸሸግ የግድ ነው። ብዙዎቹ የሞቱበትን ዱቄት በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው አፈር ከገዛ ሰው አይሻልም።

በልዩ ልዩ አገር የተደረገው ሙከራ

በ1986 ዓ.ም. ኮዛሳ የተባለ ጃፓናዊ መርማሪ የባሲለስን የተጠቀለለ ዘር ከመኖ ጋራ ቀላቅሎ በአገሩ በባሕር ለሚረባ ዓሣ መስጠቱን ጻፈ። ይህም በዓሣ እርባታ የፕሮባዮቲክ መጀመሪያ ተብሎ ይጠቀሳል።

በ1998 ዓ.ም. የታተመው የሞሪያርቲ ጽሑፍ ደግሞ በኢንዶኔዥያ ስለሚረባው ሽሪምፕ ስለሚባለው የባሕር እንስሳ ይናገራል። በዚያ አገር በጨለማ የሚያበራ ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ ኩሬዎቹን ያጠፋ ነበር። ባሲለስ ባልተጨመረባቸው እርሻዎች እንስሳቱ 80 ቀን ሳይሞላቸው አለቁ፤ ባሲለስ በተጨመረበት እርሻ ግን ከ160 ቀን በላይ ያለ ችግር ረቡ። በዚህ ጊዜ ጠቃሚዎቹ የተጨመሩት በኩሬው ውኃ ነበር፤ ምክንያቱም የውኃውን ሕያዋን መለወጥ የእንስሳውን ዕድል እንደሚለውጥ ታውቆ ነበርና።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ሙከራ ግን በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ ተደርጎ የታተመው ነው። የተመረመረው ዓሣ ቆሮሶ ነበርና። መርማሪዎቹ የቆሮሶ ጫጩቶችን ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ተራ መኖ፥ ለአንዳንዶቹ ባክቴሪያ የተቀላቀለበት፥ ለሌሎቹም እርሾ የተቀላቀለበት መኖ ሰጡ። የጨመሩትም ከሺሕ አንድ እጅ ብቻ ነበር፤ ማለት ለአንድ ኪሎ መኖ አንድ ግራም። ደግሞም ጫጩቶቹን በማጨናነቅና የመኖውን ፕሮቲን በማሳነስ ፈተኗቸው። ተጨማሪ የተሰጣቸው ሁሉ ተራውን ከበሉት በለጡ፤ ከሁሉም እርሾው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ሙከራ ሁሉ በዚህ አልተፈጸመም። በዕድገት ላይ ምንም ልዩነት ያላሳዩ ሙከራዎችም ታትመዋል። የዓሣው ዐይነት፥ ዕድሜው፥ የውኃው ሙቀት፥ የመኖው ጥራትና የባክቴሪያው ዘር ውጤቱን ይለውጡታል። ለአንዱ ዓሣ የጠቀመ ለሌላው ላይጠቅም ይችላል።

ስለ መድኀኒት

ከዚህ በፊት በብዙ አገር አርቢዎች ዓሣና ከብት ቶሎ እንዲያድግላቸው አንቲባዮቲክ የሚባለውን መድኀኒት ከመኖ ጋራ ይቀላቅሉ ነበር። ከዚህም ብርቱ ጕዳት መጣ። መድኀኒቱ በትንሽ በትንሹ ዘወትር ሲሰጥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ መድኀኒቱን የሚችሉት ግን ተርፈው ይባዛሉ። ይህንም የመቻል ጠባይ ለሌሎች ባክቴሪያዎች ሊያካፍሉ ይችላሉ። በመጨረሻም ለታመመ ሰው የሚሰጠው መድኀኒት ሳይሠራ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ በመኖ መጨመርን ፈጽሞ ከለከለ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ፔዲዮኮከስ ከሚባለው ወገን አንዱን ዘር ለሳልሞን ወገን ዓሦችና ለሽሪምፕ መኖ እንዲጨመር ፈቀደ።

ፕሮባዮቲክ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ሳይመረመር አይሰጥም። የሚመረጠው ዘር ለዓሣውም ሆነ ለሰው በሽታ የማያመጣ፥ መድኀኒትን የመቻል ጠባይንም ለሌላ የማያወርስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት የሚጠቅምበት መንገድ

ቆሮሶ በጣና፥ በዝዋይ፥ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚገኝ የአገር ዓሣ ነው። በሰበታም የዓሣ ጫጩት የሚያራባ የምርምር ማዕከል አለ። ቆሮሶ ቅጠላ ቅጠልንና ጥቃቅን የውኃ ዕፅን ስለሚበላ በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ሊቀለብ ይችላል። እንዲህ ያለው መኖ ለመድቀቅ የሚያስቸግር ነገር ስለሚበዛበት፥ በማድቀቅ የሚረዳ ተጨማሪ ሊጠቅመው እንደሚችል ይታሰባል።

ነገር ግን ሦስት ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። አንደኛ፥ ፕሮባዮቲክ ቀዝቃዛ ውኃን አያሞቅም። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ በብርዳማ ደጋ የተቈፈረ ኩሬ ችግሩ ሌላ ነው። ሁለተኛ፥ ፕሮባዮቲክ የቈሸሸ ኩሬን በዓሣ ከማጨናነቅ የሚመጣውን የአየር እጦት አያስቀርም። ዓሦች በማለዳ ከውኃው ፊት አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ቢታዩ፥ የሚያስፈልገው መኖ መቀነስና ንጹሕ ውኃ ማስገባት ነው። ሦስተኛ፥ የእንጀራ እርሾ ወይም የጠላ አተላ በኩሬ ውስጥ ማፍሰስ ፕሮባዮቲክ መስጠት አይደለም። በእርሾ ውስጥ ያለው ብዙ ዐይነት ድብልቅ ነው፤ ዘሩም ብዛቱም አይታወቅም፤ የለመደውም ሊጥን እንጂ የዓሣ አንጀትን አይደለም። አተላም ደርቆና ተመጥኖ ከመኖ ጋራ ቢሰጥ ምግብ ይሆናል፤ በኩሬ ቢደፋ ግን በስብሶ አየሩን ይጨርሳል።

ትርፍና ኪሳራን ስለ መቍጠር

ገበሬ አዲስ ነገር ሲቀበል ሒሳቡን ማወቅ ይገባዋል። ለተማሪዎች ትምህርት እንዲሆን የሚከተለው ምሳሌ ተሰጥቷል። አንድ አርቢ 200 ኪሎ ዓሣ ለማድረስ ለያንዳንዱ ኪሎ ዓሣ 2 ኪሎ መኖ ቢያወጣ፥ ጠቅላላው 400 ኪሎ መኖ ይሆናል። ፕሮባዮቲክ ጨምሮ ለአንድ ኪሎ ዓሣ 1.8 ኪሎ መኖ ቢበቃው ግን 360 ኪሎ ይሆናል። የተረፈው 40 ኪሎ ነው። የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ 50 ብር ቢሆን 2,000 ብር ድኗል ማለት ነው። ለፕሮባዮቲኩ 1,200 ብር ከፍሎ እንደ ሆነ 800 ብር አተረፈ፤ 2,500 ብር ከፍሎ እንደ ሆነ ግን ዓሣው ቢያድግም እርሱ 500 ብር ከሰረ። የዳኑት ዓሦች ዋጋ ደግሞ ለብቻው ይቈጠራል፤ ምክንያቱም ከበሽታ የተረፉት ከመኖው ቍጠባ ሊበልጡ ይችላሉና።

እውነቱን ስለ መፈተን

ሻጭ ዕቃውን ያመሰግናል፤ ጎረቤትም የሰማውን ያወራል። እውነቱን የሚያስታውቀው ግን ፈተና ነው። በትምህርት ቤት ወይም በማኅበር ኩሬ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ። በስፋትና በጥልቀት እኩል የሆኑ ሁለት ኩሬዎች ይዘጋጁ፤ ቢቻል ግን አራት ወይም ስድስት ቢሆኑ ይሻላል፤ በሁለት ብቻ የታየ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላልና። በሁሉም ቍጥራቸውና ክብደታቸው እኩል የሆነ ጫጩቶች ይግቡ። መኖው፥ ውኃውና የመመገቢያው ሰዓት አንድ ይሁን፤ ለግማሾቹ ኩሬዎች ብቻ ፕሮባዮቲኩ ይጨመር። በየሁለት ሳምንቱ ከያንዳንዱ ኩሬ እኩል ቍጥር ያላቸው ዓሦች በመረብ ተይዘው ይመዘኑ፤ ወዲያውም ይመለሱ። የተሰጠው መኖ፥ የተመዘነው ክብደት፥ የሞቱትም ዓሦች ቍጥር በመዝገብ ይጻፍ። መድኀኒት በሚሰጥበት ጊዜ ፈተናው አይደረግ፤ አንቲባዮቲክ ጠቃሚውንም ጐጂውንም አብሮ ይገድላልና።

በመጨረሻ መዝገቡ ሲታይ ሁለት ነገር ይጠየቃል። ፕሮባዮቲክ የበሉት በአንድ ኪሎ መኖ ስንት ሥጋ አተረፉ? ከመቶ ዓሣስ ስንቱ በሕይወት ደረሰ? መልሱ ልዩነት ካሳየ፥ ልዩነቱም ከዋጋው ከበለጠ ነገሩ ለዚያ ኩሬ መልካም ነው። ልዩነት ካላሳየ ገንዘቡን ለተሻለ መኖ፥ ለንጹሕ ውኃ ወይም ለጤነኛ ጫጩት ማዋል ይበልጣል። ሁለቱም መልሶች ትርፍ ናቸው፤ መዝገብ የያዘ አርቢ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡን የት እንደሚያወጣ ያውቃልና።